በሆድ ያለ መጽሐፍ እንዴት ይወጣል?



በካምፓችን ውስጥ ስንት መጽሐፍ አለ ብትባሉ ምን ትመልሳላችሁ? አንዳንዱ በትምህርት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ያሉትን ይቆጥራል። ሌላው መጽሐፍ ቅዱሱን፣ ቁርአኑን፣ ጥቂት የእንግሊዝኛ መማሪያዎችን፣ ሽፋናቸው ተገንጥሎ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩትን ልብ ወለዶች ይጠራል። ዛሬ የምናነሳው ግን በመደርደሪያ ላይ ስላለው ሳይሆን በሰው ሆድ ውስጥ ስላለው መጽሐፍ ነው።

ከመካከላችን ሠላሳ ዓመት ንብ ሲያነብ የኖረ ሰው አለ። የሰሊጥ ማሳ አይቶ ምን ያህል ኩንታል እንደሚወጣው የሚገምት ገበሬ አለ። የውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር የኖረ ባለሙያ፣ ትውልድ ያስተማረ መምህር፣ ያዋለደቻቸውን ሕፃናት ቁጥር የረሳች አዋላጅ አለች። እነዚህ ሰዎች ቡና ላይ ሲቀመጡ «እኔ የማውቀውን ብጽፈው እኮ አንድ መጽሐፍ ይወጣው ነበር» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግን አይጽፉትም። አንዱ ጊዜ የለኝም ይላል፣ አንዱ ጽሑፍ አይሆንልኝም ይላል፣ ሌላው ጀምሮ አምስተኛው ገጽ ላይ ይተወዋል። ከዚያ ሰውየው ይሞታል፣ ወይም ሦስተኛ አገር ይሄዳል። እውቀቱም አብሮት ይሄዳል።

በእውቀቱ ባለቤትና በመጽሐፉ መካከል የሚቆም ሌላ ሰው አለ። ፈረንጆቹ ኤዲተር ይሉታል፣ በአማርኛ አርታኢ እንለዋለን። ብዙ ሰው አርታኢ ሲባል ፊደል የሚለቅም ብቻ ይመስለዋል። ፊደል የሚለቅመው አራሚ ነው፣ እሱም የራሱ ክብር ያለው ሥራ ነው። አርታኢው ግን ከአራሚው በፊት ይመጣል። ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ይመርጣል፣ ቅደም ተከተል ያስይዛል፣ የማይገባውን አይገባኝም ይላል። በመጨረሻም ከመድረኩ ይወርድና ባለቤቱ ብቻውን እንዲታይ ያደርጋል።

ደይም ውስጥ የተከፈተ ደብተር

ይህን ሥራ እኔ የተማርኩት በትምህርት ቤት አይደለም። ካርቱም፣ ደይም ሰፈር ነው። ካርቱም የኖራችሁ ደይምን ታውቁታላችሁ። የእንጀራው ምጣድ፣ የቡናው ጭስ፣ በየሱቁ የሚሰማው የአማርኛና የትግርኛ ዘፈን አገር ቤት ያለህ ያስመስልሃል። እኔ አገር ቤት አማርኛ አስተምር ስለነበር ሰው ማመልከቻና ደብዳቤ ያጽፈኝ ነበር። አንድ ቀን ማታ አንዲት አዋላጅ ነርስ አራት ደብተር ይዘው መጡ። ሁላችንም ሲስተር ነበር የምንላቸው። እዚህም ስማቸውን አላነሳም።

«ልጄ፣ ይህን መጽሐፍ አድርግልኝ» አሉኝ።

ደብተሮቹን ገለጥኩ። አማርኛው ከዐረብኛው፣ ዐረብኛው ከእንግሊዝኛው ተደባልቋል። አንዱ ገጽ ስለ ምጥ ይናገራል፣ ቀጥሎ ያለው ስለ ቤት ኪራይ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከሔዋን ይጀምራል። እኔም ወጣትነቴም አማርኛ አዋቂ ነኝ ባይነቱም ነበረብኝና፣ ሁለት ሳምንት ቁጭ ብዬ ምዕራፉን በከባድ አማርኛ ጻፍኩት። ቡና ተፈልቶ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦

«ይህቺ የምትናገረው ሴትዮ ማናት?»

«እርስዎ ነዎታ!»

«እኔ እንዲህ እያልኩ ባወራ ምጥ የያዛት ሴት ጥላኝ ትሄዳለች።»

ሳቅን። እኔ ግን ውስጤ አፍሯል። የሳቸውን እውቀት ወስጄ የራሴን ልብስ አልብሼው ነበር። የመጀመሪያው ትምህርቴ ይህ ሆነ፦ የአርታኢ ሥራ ባለቤቱን ራሱን አስመስሎ ማውጣት እንጂ ራስን ማሳየት አይደለም።

ከዚያ በኋላ ብዕሩን ትቼ ጥያቄ ጀመርኩ። ለማን ነው የምንጽፈው? ለሐኪም? ለነርስ ተማሪ? ሲስተር አሰቡና «ሌሊት ላይ መኪና በሌለበት ምጥ ለሚይዛት ሴት፣ አጠገቧም ላለው ሰው» አሉ። ይህ አንድ መልስ ከአራቱ ደብተር ሦስቱን አስወጣ። የሔዋን ምዕራፍ ቀረ። የቤት ኪራዩ ቀረ። የክሊኒክ አስተዳደር ጣጣ ቀረ። ሲስተር ለሔዋን ትንሽ ተከራክረውላት ነበር፣ በኋላ ግን ተዉት።

«ብዙ ደም» ስንት ነው?

በደብተሩ አንድ ገጽ ላይ «ከወለደች በኋላ ብዙ ደም ከፈሰሳት ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት» የሚል ነበር። ትክክል ነው። ፊደሉም አልተሳሳተም። አራሚ ቢሆን ያልፈዋል። እኔ ግን ጠየቅኩ።

«ሲስተር፣ ብዙ ማለት ስንት ነው?»

«ብዙ ማለት ብዙ ነዋ!»

«ለእርስዎ። በጨለማ ባትሪ ይዞ ለቆመው ባልየውስ?»

ዝም አሉ። ተነሥተው የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ፣ ያው ሃይላንድ የምንለውን ማለት ነው፣ አነሡና አሮጌ ጨርቅ ላይ አፈሰሱት። ጨርቁ ራሰ፣ ተርፎም ምንጣፉ ላይ ሄደ። «ይኸው፣ ግማሽ ሊትር ይህ ነው» አሉ። በሕክምናው ከወሊድ በኋላ 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም መፍሰስ አደገኛ ተብሎ ሲቆጠር የኖረ ነው። ለነርስ 500 ሚሊ ሊትር ቁጥር ነው። ለባልየው ግን ፕላስቲኩና ጨርቁ ነው የሚገባው። ከዚያም «ንጹሕ ጨርቅ አድርገውላት አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከራሰ አትጠብቁ» የሚለውን ጨመሩበት። ይህ ነገር በአራቱም ደብተር ውስጥ አልነበረም። ሲስተር ስላላወቁት አይደለም። ከማወቃቸው ብዛት ሌላው ሰው እንደማያውቀው ረስተውት ነው።

አዋቂ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። ንብ አናቢው «ንቧ ስትቆጣ» ይላል፣ እንዴት እንደምትቆጣ አይናገርም። ገበሬው «መሬቱ ሲበስል» ይላል፣ መብሰሉ በምን እንደሚታይ አይነግረንም። አርታኢው አላዋቂውን ወክሎ የተቀመጠ ሰው ነው። ስለዚህ አለማወቁን መደበቅ የለበትም። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ገባኝ የሚል አርታኢ አንባቢውን ይከዳል።

የኔ ስሕተት

አንድ ስሕተቴንም ልንገራችሁ። ሲስተር «እትብቱን ቶሎ አትቁረጡ» ብለው ጽፈዋል። እኔ ደግሞ ቸኩለው የጻፉት መሰለኝና «እትብቱን ቶሎ ቁረጡ» ብዬ አረምኩት። ሳልጠይቅ! እንደገና ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ስኒውን አስቀመጡና «ምን አልክ? ድገመው» አሉ። ደገምኩት።

«ማነው ይህን ያለው?»

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ሕፃኑ ደህና ከሆነ እትብቱ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ያህል ሳይቆረጥ እንዲቆይ ነው። ከእንግዴ ልጁ የሚመጣው ደም ለሕፃኑ ይጠቅመዋል፣ በኋላ ደም እንዳያንሰው ይረዳዋል። እኔ ግን አንዲት ቃል ቀይሬ ተቃራኒውን አደረግሁት። ያ ገጽ በሺህ ቅጂ ታትሞ ቢሆንስ? ከዚያ ቀን ወዲህ ሕግ አለኝ። ቋንቋውን አስተካክላለሁ፣ ነገሩን ግን ሳልጠይቅ አልነካም። የተስተካከለውን ሁሉ ለባለቤቱ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ዓይን የሚያልፈውን ጆሮ ይይዘዋልና።

አባት ተናገሩ፣ ልጅ ጻፈ

ይህ ሥራ ለእኛ አዲስ አይደለም። አለቃ ለማ ኃይሉ የቅኔና የመጻሕፍት ሊቅ ነበሩ። በረጅም ዕድሜያቸው ያዩትና የሰሙት ብዙ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ ልጃቸው መንግሥቱ ለማ አባታቸውን እየጠየቁ ድምፃቸውን በቴፕ ቀዱ። ከቴፑ ወደ ወረቀት አወረዱትና በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ተብሎ ታተመ። መንግሥቱ ለማ ራሳቸው ስመ ጥር ጸሐፊ ነበሩ። ቢፈልጉ የአባታቸውን ንግግር በራሳቸው አማርኛ አሳምረው ሊጽፉት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። የሽማግሌው አነጋገር እንዳለ ተቀመጠ። ዛሬ መጽሐፉን የሚያነብ ሰው አለቃ ለማ ከፊቱ ተቀምጠው የሚያጫውቱት ይመስለዋል። እኔ ደይም ውስጥ በሁለት ሳምንት ያበላሸሁትን እሳቸው ከመጀመሪያው ያውቁት ነበር።

ከካርቱም ማዶ፣ ኦምዱርማን ውስጥም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ሼኽ ባቢክር በድሪ በወጣትነታቸው በማህዲስቶች ጦር ውስጥ የዘመቱ ሰው ናቸው። በኋላ ወደ ትምህርት ዞረው በ1907 እ.ኤ.አ. ሩፋዓ በምትባል ከተማ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ትማር ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። ዛሬ ኦምዱርማን በሚገኘው በአህፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ የሚታወቀው ሥራ ከዚያ የመጣ ነው። ሰውየው ትዝታቸውን ጽፈው በ1954 አረፉ። ልጃቸው ዩሱፍ በድሪ ከአንድ እንግሊዛዊ ጋር ሆነው ወደ እንግሊዝኛ መለሱትና በ1969 ለዓለም አንባቢ ደረሰ። ሁለት አገር፣ ሁለት ልጅ፣ አንድ ዓይነት ሥራ።

ሦስት ትውልድ የጨረሰው መጽሐፍ

አንድ መጽሐፍ በአንድ ሰው ዕድሜ አልቆ ላይወጣ ይችላል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ጀመሩ። ሮም በነበሩበት ጊዜ ኢግናትስዮ ጉይዲ የተባለውን ኢጣልያዊ ምሁር በአማርኛ መዝገበ ቃላቱ የረዱትም እሳቸው ናቸው፣ ያ መጽሐፍ በ1901 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። የራሳቸውን ግን ሳያሳትሙት አለፉ። ጅምሩን ለተማሪያቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጡ። አለቃ ኪዳነ ወልድ ሠላሳ ዓመት ያህል በኢየሩሳሌም በባዕድ አገር ኖረዋል። ሥራውን አሰፉት፣ አረሙት፣ ጨመሩበት። እሳቸውም በ1936 ዓ.ም. አረፉ፣ መጽሐፉ አልታተመም። አደራው ወደ ደስታ ተክለ ወልድ ዞረ። ደስታ ተክለ ወልድ የመምህራቸውን ጽሑፍ አዘጋጅተው በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ አሳተሙት። የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያወጡት ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ነው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ አደራው፣ ቀጥሎ የራስ። ደስታ ተክለ ወልድ የመምህራቸውን ድካም በራሳቸው መጽሐፍ ውስጥ ቀላቅለው ቢያወጡት ማን ይጠይቃቸው ነበር? መምህሩ ሞተዋል፣ የመምህሩ መምህርም ሞተዋል። ግን የመምህሩ ሥራ በመምህሩ ስም ወጣ።

በሽፋኑ ላይ የማን ስም ይጻፍ?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጠብ የሚነሣው። አባ ጎርጎርዮስን አስታውሱ። በአፄ ፋሲል ዘመን ካቶሊኮቹ ሲባረሩ ከአገር የወጡ፣ በኋላ ሮም የተቀመጡ ስደተኛ ነበሩ። ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሮም ላይ አገኛቸው፣ በ1652 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጀርመን አገር ጎታ ወደምትባል ከተማ ድረስ ሄደው አብረውት ተቀመጡ። ጠየቀ፣ መለሱ። የግዕዝና የአማርኛ እውቀቱ፣ የአገሩ ታሪክ፣ ብዙው ከሳቸው አፍ የወጣ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 ባሕር ላይ ሞቱ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 አሳተመ። በሽፋኑ ላይ ያለው ስም የሉዶልፍ ነው።

ሉዶልፍ ግን አልካዳቸውም። ከማን እንደተማረ በግልጽ ጽፏል፣ በ1691 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥም የአባ ጎርጎርዮስን ሥዕል አስገብቷል። ስለዚህ ዛሬ ስማቸውን እናውቃለን። ሆኖም እሳቸው በሕይወት ኖረው መጽሐፉን ቢያዩት ምን ይሉ ነበር ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

ወደ እኛ ካምፕ ስናመጣው ነገሩ ይህ ነው። ብዙ ሰው ወደ እኛ እየመጣ ይጠይቀናል። ጋዜጠኛ ይመጣል፣ ተማሪ ይመጣል፣ አጥኚ ይመጣል። የምንነግረው ነገር ሌላ አገር ሄዶ ጽሑፍ ይሆናል። ክፋት የለውም። ነገር ግን ጠያቂውም ተጠያቂውም ከኛው ውስጥ ቢሆን፣ መጽሐፉም በምናነበው ቋንቋ ለእኛው ቢመለስ ምን ይከለክለናል?

ካርቱም አማርኛ አትማ ታውቃለች

አይቻልም የሚል ሰው ካለ የካርቱምን ታሪክ ይስማ። በ1932 ዓ.ም. ክረምት አፄ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር ስደት ወደ ካርቱም መጡ። ሱዳን ውስጥም ጣልያንን ሸሽተው የወጡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚያ ጊዜ ጆርጅ ስቲር የተባለ ጋዜጠኛ የነበረ ሰው በመራው ክፍል ካርቱም ውስጥ በአማርኛ በራሪ ወረቀትና «ባንዲራችን» የተባለ ጋዜጣ ይዘጋጅ ነበር። ወረቀቱ ድንበር ተሻግሮ በጣልያን ሥር ላለው ሕዝብና በዱር ላለው አርበኛ ይደርስ ነበር። ንጉሡ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል አገር ገቡ። የአማርኛ ጽሑፍ በስደት ከተማ ተሠርቶ አገር የገባው ከእኛ በፊት ነው።

ሱዳኖች «ካይሮ ትጽፋለች፣ ቤይሩት ታትማለች፣ ካርቱም ታነባለች» ማለት ይወዳሉ። ኢራቆች በካርቱም ፋንታ ባግዳድን ያስገባሉ ይባላል፣ እሱን ለነሱ እንተወው። ካርቱም የኖርን ሰዎች ግን መሬት ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠውን አሮጌ መጽሐፍና ከበቡት የሚያገላብጡትን ወጣቶች በዓይናችን አይተናል።

ሚያዝያ 7 ቀን

የሲስተር መጽሐፍ ሊያልቅ ሁለት ምዕራፍ ሲቀረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ ፈነዳ። ሌላውን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ሲስተር ሲወጡ መቀሳቸውንና ጓንቶቻቸውን ያዙ። ደብተሮቹ ደይም፣ አልጋ ሥር ቀሩ።

ካርቱም ውስጥ የጠፋው የኛ ደብተር ብቻ አይደለም። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሙሐመድ ዑመር በሽር የጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። ብዙ ሰው ዕድሜውን የሰጠው የሱዳን ታሪክ በአንድ ቀን አመድ ሆነ። መጽሐፍ የሰው ያህል አይለቀስለትም። ሰው በሚሞትበት ጊዜ ስለ ወረቀት ማውራትም ያሳፍራል። ግን ጉዳቱ ቆይቶ ነው የሚታየው።

የኛ የተረፈው በአጋጣሚ ነው። ሱቅ አረቢ አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ ላስተይበው ሄጄ የግዕዝ ፊደል ያለው ኮምፒውተር አጣሁ። ተናድጄ ገጾቹን በስልኬ ፎቶ አነሣኋቸውና ገዳሪፍ ላለ ዘመዴ ላክሁለት። ስልኬ መንገድ ላይ ተወሰደ። የዘመዴ ስልክ ግን ነበረ። የጠፉት ሁለቱ የመጨረሻ ምዕራፎች ብቻ ናቸው። እነሱን አሁን እንደገና እያወጣናቸው ነው። ሲስተር ባሉበት ካምፕ ኔትወርክ ሲገኝ በድምፅ መልእክት ይልኩልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ መልሼ በድምፅ አነብላቸዋለሁ።

ለመጀመር ለምትፈልጉ

ይህን ሥራ ለመሥራት ዲግሪ አያስፈልግም። ማንበብና መጻፍ፣ ጆሮና ትዕግሥት ይበቃሉ። ከተሞክሮ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ለማን እንደሚጻፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተስማሙ። «ለሁሉም ሰው» የሚባል አንባቢ የለም።

ሁለተኛ፣ ባለሙያውን አታስጽፉት፣ አናግሩት። በስልክ ቅዱ። ከግማሽ ሰዓት አታስበልጡ፣ ሰው ሲደክመው መድገም ይጀምራል። እጁ ሥራ ላይ እያለ ብታናግሩት የበለጠ ይናገራል።

ሦስተኛ፣ ከቅጂው ላይ እያንዳንዱን ሐሳብ በየብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፉና መሬት ላይ ዘርጉት። አንድ ዓይነቱን አንድ ላይ አድርጉ። ምዕራፉ ራሱ ይወጣል።

አራተኛ፣ «ብዙ»፣ «ቶሎ»፣ «በደንብ» የሚሉ ቃላት ባገኛችሁ ቁጥር ስንት? በስንት ሰዓት? በምን? ብላችሁ ጠይቁ።

አምስተኛ፣ የተጻፈውን ለባለቤቱ አንብቡለት፣ ከዚያም ነገሩን ለማያውቅ ሰው አንብቡለት። የሕክምና፣ የመድኃኒት ወይም የኬሚካል ነገር ከሆነ ሌላ ባለሙያ ሳያየው አይባዛ።

ስድስተኛ፣ የሰው ስም አውጡ። በሲስተር ደብተር ውስጥ የብዙ ሴቶች ምስጢር ነበረ። ስሙን ብቻ ሳይሆን መንደሩንና ዓመቱንም ማውጣት ነበረብን፣ ምክንያቱም የአንድ አገር ሰው ከሁለት ምልክት ይተዋወቃል። የስደተኛ ታሪክ ሲሆን ደግሞ አገር ቤት የቀረ ዘመድ አለ። አንድ ገጽ ቢያምርም ሰው የሚጎዳ ከሆነ ይውጣ።

ሰባተኛ፣ ሦስት ቦታ አስቀምጡ። አንዱ ከእናንተ ጋር፣ አንዱ ከባለቤቱ ጋር፣ አንዱ ሌላ ከተማ።

ስምንተኛ፣ ከመጀመራችሁ በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ተዋዋሉ። ስሙ የማን ይሆናል? ገንዘብ ቢገኝ እንዴት ይካፈላል? አንዱ ወደ ሌላ አገር ቢሄድ ሥራው በማን እጅ ይቆያል? ወንድማማች ነን፣ ውል ምን ያደርጋል አትበሉ። ወንድማማችነቱ እንዲቆይ ነው ውሉ።

እንጀራ ይሆናል ወይ? ብላችሁ ብትጠይቁኝ እውነቱን እነግራችኋለሁ። በትልልቅ አገሮች አርታኢ በአሳታሚ ቤት ደመወዝ ያገኛል ወይም በሥራው ይከፈለዋል። በእኛም አገር በደርግ ጊዜ እንደ ኩራዝ ያለ አሳታሚ ድርጅት ነበረን። እዚህ ካምፕ ውስጥ ግን እስካሁን ያገኘሁት ቡና፣ ምሳና ምርቃት ነው። አንዳንዴ ደግሞ የስልክ ካርድ። የሚቀረኝ ነገር ግን አለ። ሁለት ዓመት ከአንድ አዋላጅ ጋር ተቀምጬ፣ ወንድ ሆኜ ስለ ወሊድ ያወቅሁትን ሌላ በምን አውቀው ነበር?

ያቺ ገጽ

የሲስተር መጽሐፍ አሁን ባለበት 48 ገጽ ነው። በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ በስቴፕለር ተመትቷል። ሽፋኑ ላይ የሳቸው ስም አለ፣ የኔ ከውስጥ በትንሹ አለ። ይህ መጽሐፍ አይባልም የሚል ሰው አይጠፋም።

በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አካባቢ ሲስተር የድምፅ መልእክት ላኩልኝ። ድምፃቸው ቸኩሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ ስለሚፈስ ደም አዲስ መመሪያ አውጥቷል አሉ። የሴትየዋ የልብ ምት ወይም የደም ግፊት ከተዛባ 500 ሚሊ ሊትር እስኪሞላ መጠበቅ የለም፣ 300 ሲሆን ሕክምናው ይጀመር ይላል። «ያቺን የፕላስቲክ ገጽ ክፈታት» አሉኝ። «ፕላስቲኩ እስኪሞላ አትጠብቁ፣ ግማሹን ካለፈና ሴትየዋ ላብ ላብ ካላት፣ ካዞራት፣ ያኔውኑ ተነሡ በል።»

ጻፍኩት፣ መልሼም አነበብኩላቸው።

«አዎ፣ አሁን እኔ ነኝ» አሉ።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎቻችን፣ በየድንኳናችሁ ዙሪያ «ብጽፈው እኮ» የሚል ሰው አይጠፋም። ዛሬ ማታ ቡና ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፣ መልሱንም በስልካችሁ ቅዱት። ቅጂውን ወደ ዝግጅት ክፍላችን ይዛችሁ ብትመጡ በመጻፉ እናግዛችኋለን።

ቸር እንሰንብት።